ከትኩስ ዳቦ ስር የመጣው ካሴት

በእኛ ሰፈር፣ በመክናስ አሮጌው ከተማ፣ ዳቦውን እቤቱ የሚጋግር ሰው የለም። ሊጡን ሁሉም በየቤቱ ያቦካል፤ ጣውላ ላይ ደርድሮ፣ ጨርቅ አልብሶ ወደ ፈራኑ፣ ወደ ሰፈሩ የጋራ ምድጃ፣ ይልካል። ፈራኑ የሰፈሩን ዳቦ ሁሉ በአንድ እሳት አብስሎ ለየባለቤቱ ይመልሳል። የማን ዳቦ የማን እንደሆነ የሚለየው በምልክት ነው። አንዱ ቤት በሹካ ይወጋዋል፣ ሌላው የብርጭቆ አፍ ያሳርፍበታል። የእኛ ቤት ምልክት የእናቴ የልብስ ሳጥን ቁልፍ ነው። እናቴ ከሞተች በኋላ ሊጡን የማቦካው፣ ቁልፉንም መሃሉ ላይ የምጫነው እኔ ነኝ።

እንግዲህ አስቡት። እኔ ቱሪያ በየማለዳው የለወስኩትን፣ ያድቦለቦልኩትን ዳቦ ሪድዋን በእጁ ተቀብሎ እሳት ውስጥ ያስገባዋል፤ በስሎ ሲወጣም በእጁ ያነሳዋል። ሌሎች ፍቅረኞች ሲኒማ ቤት ይገናኛሉ። እኛ የምንገናኘው ዳቦ ላይ ነበር።

ሪድዋን የፈራኑ ባለቤት የባ ዓላል ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ አብረን ነበርን። የአባቱ ወገብ አልታዘዝ ሲል ትምህርቱን ጥሎ እሳቱን ተረከበ። እኔ ጨርሼ የፈረንሳይኛ አስተማሪ ሆንኩ። አባቴ ሐጅ ላርቢ የሐር ነጋዴ ናቸው፤ ሲያልፉ ሰው ከተቀመጠበት ይነሳል። የሐር ነጋዴ ሴት ልጅና የፈራን ባለቤት ወንድ ልጅ መንገድ ላይ ቆመው ሲያወሩ ዝም ብሎ የሚያይ ሰፈር አልተፈጠረም፤ ተፈጥሮም ከሆነ የእኛ ሰፈር አይደለም።

ስለዚህ የምንነጋገረው በትንሿ ዳቦ ነበር። ሪድዋን ከተራረፈ ሊጥ ጡጫ የምታክል ዳቦ እየጋገረ ከእኛ ዳቦዎች ጎን ሸጉጦ ይልክልኛል። ጣውላውን የምታመላልሰው አክስቴ ራቢዓ አይታ እንዳላየች ትሆናለች። «እኔ የምቆጥረው ስወጣ እንጂ ስገባ አይደለም» ትላለች። ትንሿን ዳቦ ይዤ ጣሪያ ላይ እወጣና የፈራኑን ጭስ እያየሁ ብቻዬን እበላታለሁ። ደስተኛ ነበርኩ፤ ሌላ ነገር አልተመኘሁም።

አንድ ማክሰኞ ጣውላው ሲመጣ ጨርቁን ገለጥኩ። ትንሿ ዳቦ አለች። የቀሩትን አንድ በአንድ ወደ ቅርጫቱ ሳዛውር ግን ከስራቸው በመሐረብ የተጠቀለለ ካሴት አገኘሁ። ሽፋኑ ጥቁር ወረቀት ነው፤ በላዩ በነጭ ቀለም «ረማድ» የሚል ቃል ብቻ ተጽፎበታል። አመድ ማለት ነው። የዘፋኝ ስም የለ፣ ፎቶ የለ፣ የዘፈን ርዕስ የለ። ይህን ባንድ ስሙንም ሰምቼው አላውቅም።

«አክስቴ፣ ዛሬ ምነው ዘገየሽ?» አልኳት፣ ካሴቱን እጅጌዬ ውስጥ እየከተትኩ።

«ውሃ መቅጃው ጋ ጎረቤታችን ላላ ዙሁር ያዘችኝ። የምራቷን ጉድ ሳትጨርስ እንዴት ጥያት ልምጣ? ጣውላውን ፀሐዩ ላይ አስቀምጬ ነው የሰማኋት። ዳቦው ደግሞ እሳት ነው፣ እይ መዳፌን!»

ይህን የአክስቴን ወሬ ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

ሮክ የሚባለውን ሙዚቃ ከዚያ ቀን በፊት በሰው ግድግዳ ሾልኮ ሲመጣ እንጂ ፈልጌ ሰምቼው አላውቅም። ለእኔ ሮክ ማለት ፀጉራቸውን ያሳደጉ ልጆች እናታቸውን የሚያናድዱበት ጩኸት ነበር። በእኛ ቤት የሚደመጠው መልሑን ብቻ ነው፤ አባቴና ጓደኞቻቸው ዓርብ ዓርብ ከኩስኩስ በኋላ ተሰብስበው የሚያጣጥሙት የከተማችን የጥንት ግጥምና ዜማ። ካሴቱን የከፈትኩት ለሪድዋን ስል ነው እንጂ ለሙዚቃው ስል አልነበረም።

በሬን ቆልፌ፣ ድምፁን ቀንሼ፣ ጆሮዬን ቴፑ ላይ ለጠፍኩ። መጀመሪያ ድራሙ ብቻውን መጣ፤ በር በእርጋታ እንደሚያንኳኳ ሰው። ጊታሩ ቀስ ብሎ ተከተለው። «ይሄስ ምኑ ይጮሃል?» እያልኩ ሳለ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገቡ። የቤዝ ጊታሩ ድምፅ በጠረጴዛው አልፎ ክንዴን ነዘረኝ። ሳላውቀው ተነስቼ ቆሜ ነበር።

ደግሞ ዘፋኙ! ቀጥ ብሎ ይጀምርና መሃል ላይ ይቀልጣል፣ ቁልቁል ይወርዳል፣ ከዚያ ወድቆ እንደተነሳ ሰው ተንደርድሮ ይወጣል። ጊታሩም አብሮት ይወርዳል፣ አብሮት ይወጣል። እንዲህ ያለ አዘፋፈን በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ትራስ አፌ ላይ አድርጌ ሳቅሁ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን አንድ ዝግ ያለ ዘፈን አለ። «ስም አልጠራም፣ እጅሽን አውቀዋለሁ» ይላል። «አውቀዋለሁ» የምትለው ቃል ላይ ሲደርስ ድምፁ እንደ ሊጥ ይለጠጥና ይንቀጠቀጣል። እዚያ ጋ አለቀስኩ። አዝኜ አይደለም፤ ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስኩት።

ካሴቱን ገልብጬ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ራት ላይ አባቴ «ምነው ልጄ፣ ጠረጴዛው ምን አደረገሽ?» አሉኝ። ጣቶቼ ድራሙን እየመቱ ነበር።

ሪድዋንን በአካል የማገኘው ረቡዕ ረቡዕ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ነው፤ ይህም ማግኘት ከተባለ። እኔ በፈራኑ ደጃፍ ሳልፍ እርምጃዬን አዘገያለሁ፤ እሱ ደግሞ ደጃፉን ሊጠርግ ይወጣል። በመክናስ እንደዚያ የሚጠረግ ደጃፍ አልነበረም።

«ሰማሽው?» አለኝ ቀና ሳይል። ቅንድቡ ላይ ዱቄት ነበረበት።

«ሰማሁት።»

«እና?»

ማሾፍ እወዳለሁ፤ ከእናቴ የወረስኩት ነው። ጣፋጩን ነገር ለመጨረሻ አስቀምጬ በቀልዱ ጀመርኩ። «ለመሆኑ ዘፋኙ ሲቀዳ ጠጥቶ ነበር እንዴ?»

መጥረጊያው ቆመ። «ምን አልሽ?»

«ግድግዳ ይዞ እንደሚሄድ ሰው ይንገዳገዳል እኮ! ጊታር የሚመታውም ከእሱ ጠርሙስ ሳይቀምስ አልቀረም። በሳቅ ልሞት ነበር…»

«ግን» ልለው ነበር። «ግን አስለቀሰኝ፤ ግን ከትናንት ጀምሮ ሌላ ነገር አይሰማኝም» ልለው ነበር። ላላ ዙሁር ጣውላዋን ታቅፋ ከጥጉ ብቅ አለች። ሻርፔን አስተካክዬ መንገዴን ቀጠልኩ። ዞር ብዬ ሳየው ቀና ብሎ እያየኝ ነበር። ሪድዋን እንደዚያ በከፋው ዐይን ከዚያ በፊት አይቶኝ አያውቅም።

በማግስቱ ጣውላው መጣ። ትንሿ ዳቦ አልነበረችም። በማግስቱም የለችም። በሚቀጥለው ረቡዕ በዚያ ሳልፍ ደጃፉ ቅጠልና ገለባ ለብሷል፤ የሚጠርገው ጠፍቷል። ምን እንዳጠፋሁ ስለማላውቅ ምን ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቅ እንኳ ጠፋኝ።

በዚህ መሃል ሲ ፉአድ መጣ። የአባቴ የራባት ወዳጅ ልጅ ነው፤ ባንክ ይሠራል፤ ንግግሩ ለስላሳ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ። ክፉ ነገር ላወራበት ብፈልግም አላገኘሁም። ቤተሰቡ እኔን ለእሱ ጠይቀው ዓርብ ከሰዓት መልስ ሊሰሙ ሊመጡ ሆነ። አባቴ ጠርተው ፊታቸው አስቀመጡኝ።

«አላስገድድሽም። እናትሽ ቃል አስገብታኛለች» አሉኝ። «እሺ ካልሽ እሺ ነው። እምቢ ካልሽ ግን ሰው ፊት ቆሜ የምናገረው ምክንያት ስጪኝ።»

ምክንያቴ አኩርፎ ደጃፉን መጥረግ ትቷል። «ላስብበት አባዬ» ብዬ ወጣሁ። እስከ ዓርብ ከሪድዋን አንድ ቃል ካላገኘሁ ሕይወቴን ይዤ ራባት መግባቴ ነው።

ሐሙስ ማለዳ ሊጥ ስለውስ ንዴት ያዘኝ። ቁልፉን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ዳቦዎቹ ያለ ምልክት ተደረደሩ፤ ይለየኝ እንደሆነ ልየው።

«አክስቴ፣ የማን እንደሆነ እንዳትነግሪው። ከሌሎቹ መሃል አስቀምጠሽ ብቻ ውጪ።»

«እሺ እንግዲህ፣ ዛሬ የጎረቤት ዳቦ ልንበላ ነው» አለች ጣውላውን እየተሸከመች።

ስትመለስ ጨርቁን እኔ ሳልገልጠው ራሷ ገለጠችው። ዳቦዎቹ የእኔ ነበሩ፤ አንድም አልተሳሳተም።

«ጉድ ነው ያየሁት» አለችኝ። «ሌላው ዳቦ ሁሉ ምልክት አለው። እነዚህን ከእሳቱ ሲያወጣ አንዱን አንስቶ አገላበጠው። በአውራ ጣቱ ጠርዙን ዳበሰው። ከዚያ ማንንም ሳይጠይቅ ‹የሐጅ ላርቢ ቤት› ብሎ ለብቻ ደረደራቸው። ምኑን አይቶ አወቀው በይኝ?»

ዱቄቱ ከእጄ ላይ ሳይነሳ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ጭሱ እንደ ወትሮው ይወጣል። «ስም አልጠራም፣ እጅሽን አውቀዋለሁ።» ዘፈኑ ራሱ መጥቶ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ረማድ! አመድ! ከፈራን የበለጠ አመድ ያለው ማን ነው? ያ ዘፋኝ ራሱ ሪድዋን ነበር። የዘፈነልኝ ለእኔ ነበር። እኔ ደግሞ ሰካራም አልኩት፤ በሳቅ ልሞት ነበር አልኩት። ጣሪያው ላይ ቁጭ ብዬ ራሴን በሁለት እጄ ያዝኩ። አፈርኩ፤ ከእፍረቱ ስር ግን አንድ ሌላ ነገር እየሞቀ መጣ። እየወደደኝ ነው የተናደደው።

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ሪድዋን ሲናገር ድምፁ የማይናወጥ ነው። ካሴቱ ላይ ምን ሆኖ ነው እንዲያ የተንገዳገደው?

መልሱን ያገኙት አባቴ ናቸው። ዓርብ ማለዳ ለእንግዶቹ የሚያሰሙትን መልሑን ሊመርጡ ፈልገው የእሳቸው ቴፕ እምቢ ሲላቸው የእኔን ከክፍሌ ወሰዱ። ካሴቱ ውስጡ እንዳለ! ሊጥ ስለውስ ያ የማውቀው ዝግ ያለ ጊታር ከአባቴ ክፍል ሲመጣ ሰማሁ። እጄን ሳልታጠብ ሮጥኩ።

አባቴ ትራስ ተደግፈው ዐይናቸውን ጨፍነዋል።

«ይቅርታ አባዬ፣ አሁን አጠፋዋለሁ…»

እጃቸውን አነሱ። መልሑን መሃል ለሚያወራ ሰው የሚያነሷት እጅ ናት። በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ዘፈኑ «አውቀዋለሁ» ላይ ደረሰ፣ ተለጠጠ፣ ተንቀጠቀጠ፣ አበቃ። አባቴ ዐይናቸውን ገለጡ።

«እነማን ናቸው?»

«ረማድ የሚባሉ ናቸው። ሮክ ነው አባዬ።»

«ስሙን ተይው። ይህ ልጅ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚንቀጠቀጠው? የእኛ ሽማግሌዎች ድምፃቸው እንዲህ እንዲሆንላቸው ዕድሜያቸውን ይፈጃሉ።»

ካሴቱን አውጥተው ወደ ብርሃኑ ያዙት። ጎኑ ጠምሟል፤ እኔ ሲሠራ የተበላሸ ርካሽ ዕቃ ነው ብዬ አልፌው ነበር። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ቅንድባቸው ተነሳ። መዳፋቸው ላይ መታ መታ ሲያደርጉት አንዲት የሰሊጥ ፍሬ ወደቀች።

«ቱሪያ።»

«አቤት።»

«እንደ ዳቦአችን እንስላል እንስላል ይሸታል። ይህ ካሴት ተጋግሯል።»

አክስቴ። ላላ ዙሁር። የምራቷ ጉድ። ፀሐዩ። እሳት የሆነው ዳቦ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ። ዕድሜውን ከእሳት ጋር የሚውል ሰው ካሴቱን ከትኩስ ዳቦ ስር አድርጎ ላከ! ክሩ ሙቀት በልቶት ተለጥጧል፤ ድምፁም አብሮ ተለጥጧል። ሪድዋን አልተንገዳገደም፤ እኔም አልዋሸሁም። ሳቄ አመለጠኝ። ካሴቱን ከአባቴ መዳፍ ላይ ነጥቄ ወጣሁ፤ ይህን ማድረጌ እስከዛሬ ይገርመኛል።

«አክስቴ፣ ዛሬ ጣውላውን የምወስደው እኔ ነኝ።»

«አበድሽ? የሐጅ ላርቢ ልጅ ጣውላ ተሸክማ ሰፈር መሃል?»

«ተሸክማ።»

ተሸከምኩት። የቅመም ነጋዴው ሚዛኑን ይዞ ቀረ። ሴቶች ከየበሩ አንገታቸውን አወጡ። «ላላ ቱሪያ፣ ራቢዓ ታማለች እንዴ?» አለች አንዷ። «ጤነኛ ናት፤ የታመምኩት እኔ ነኝ» ብያት አለፍኩ።

ፈራኑ ውስጥ ጣውላ ይዘው ተራ የሚጠብቁ ሴቶች ነበሩ። ላላ ዙሁር ከፊት ናት፤ መቼስ ሌላ የት ልትሆን? ሪድዋን ረጅሙን የእንጨት አካፋ ይዞ እሳቱ ፊት ቆሟል። ሲያየኝ አካፋው እጁ ላይ ተንሸራተተ።

«ዘፋኙ አንተ ነህ» አልኩት።

ፊቱ ጠቆረ። «ሳቁ አልበቃሽም? ሰው ፊት ልትስቂ መጣሽ?»

«ያኔ ያልጨረስኩትን ልጨርስ መጣሁ። ሳቅሁ፣ እውነት ነው። ከዚያ አለቀስኩ። ከዚያ ደግሜ ከፈትኩት፤ በየቀኑ ስከፍተው ነው የከረምኩት። የሚንገዳገደው ድምፅህ ከሁሉ በላይ የወደድኩት ነው።»

«የእኔ ድምፅ መቼ ተንገዳገደ?»

ካሴቱን ዱቄት ባለበት መደብ ላይ አስቀመጥኩለት። «አሽትተው።»

አሸተተው። ጎኑን በጣቱ ዳበሰ። ቀስ በቀስ ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ።

«ከዳቦው ስር…» አለ። «እኔው ራሴ…»

«አንተው ራስህ!» አለች ላላ ዙሁር። ምን እንደሆነ ባይገባትም ከወሬው መቅረት አትወድም።

ሪድዋን መደቡ ላይ ተደግፎ ሳቀ። ሲስቅ ዱቄቱ ከቅንድቡ ላይ ረገፈ። ስንት ቀን የናፈቀኝ ሳቅ ነው! ከጀርባ የመጋዝ ብናኝ ጆንያዎች የተከመሩበት ክፍል አለ፤ ረማድ የሚለማመዱትና የቀዱት እዚያ ነው። ከዚያ አንድ አሮጌ ቴፕ አውጥቶ ያልተጋገረውን ቅጂ ከፈተልኝ። አዳመጥኩ። ድምፁ ቀጥ ያለ፣ የጠራ፣ የሪድዋን ድምፅ ነበር።

«እና?» አለኝ። ያን ረቡዕ እንዳለኝ ነው ያለው፤ አሁን ግን ዐይኔን እያየ።

«ጥሩ ነው። ግን ልብሱን እስከ አንገቱ ቆልፎ እንደሚቆም ሰው ነው።»

ሴቶቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ጠጋ አለና ያቺን አንድ መስመር በለሆሳስ ዘፈናት። ስም አልጠራም፣ እጅሽን አውቀዋለሁ። «አውቀዋለሁ» ላይ ሲደርስ ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ያን ጊዜ ያንቀጠቀጠው የዳቦ ሙቀት አልነበረም። እንባዬን በዱቄታም እጄ ጠረግሁ፤ ፊቴ ምን እንደመሰለ አላህ ያውቃል።

«ዛሬ እንግዶች አሉባችሁ አሉ» አለኝ ቀስ ብሎ። «መልስ ሊሰሙ።»

«አዎ።»

«መልሱስ?»

«ሪድዋን፣ መልሱ ሌላ ቢሆን ጣውላ ተሸክሜ እመጣ ነበር?»

«የማንም መልስ ይሁን» ብላ ጮኸች ላላ ዙሁር፣ «ዳቦው እያረረ ነው!»

እውነቷን ነበር። እቤት ስመለስ አባቴ ግቢው መሃል ቆመው ጠበቁኝ። ጨርቁን ገለጡ። የዳቦዎቹ ጠርዝ ጠቁሯል።

«ከዚያ ፈራን ያረረ ዳቦ መጥቶልኝ አያውቅም» አሉ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው አባዬ። ጋጋሪውን በወሬ ይዤው ነው።»

«ሲ ፉአድስ?»

«መልሴ እምቢ ነው።»

«ምክንያቱ?»

«ምክንያቱ ያ ያደመጡት ልጅ ነው። የባ ዓላል ልጅ፣ ሪድዋን።»

አባቴ ካረረው ዳቦ ቆርሰው በሉ። ከዚያ ለጁምዓ ሶላት ወጡ። ከሰዓት እንግዶቹ መጥተው፣ ሻይ ጠጥተው፣ በክብር ተሸኙ። ምን ብለው እንደመለሷቸው እስከዛሬ አልነገሩኝም። ለእኔም ምንም አላሉኝም። ቢቆጡኝ በወደድኩ ነበር።

ቅዳሜ ጣውላው መጣ። ትንሿ ዳቦ በቦታዋ ተመልሳለች። አዲስ ካሴት ደግሞ በሦስት ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከዳቦው ርቆ፣ ጥግ ላይ ተቀምጧል። እጄን ስዘረጋ አባቴ ቀደሙኝ። ካሴቱንም ትንሿን ዳቦዬንም ይዘው ክፍላቸው ገቡ፤ በሩ ተዘጋ። ድራሙ ሲያንኳኳ ሰማሁ። አክስቴና እኔ ደረጃው ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘን ተቀመጥን። አንዱ ገጽ አለቀ። ሁለተኛው ተጀመረ። ያ ዝግ ያለው ዘፈን መጣና አለፈ። በሩ ተከፈተ።

«ቱሪያ!»

«አቤት አባዬ!»

«እናትሽ በሕይወት ሳለች ጀምሮ ዳቦዬን አምኜ የሰጠሁት ቤት ነው። አንድ ቀን የሰው ዳቦ ልከውልኝ አያውቁም» አሉ። ከንፈራቸው ላይ የዳቦ ፍርፋሪ ነበር። «ያን ልጅ እሁድ ከአባትህ ጋር ና ብለውሃል በይው።»

ከደረጃው ብድግ አልኩ። አባቴ ግን አልጨረሱም። አዲሱን ካሴት ዘረጉልኝ።

«ይህንንም መልሺለት። ጥሬ ነው። ከዳቦው ስር አድርጎ ትንሽ ያብስልልኝ።»

ካሴቱን በሁለት እጄ ተቀብዬ ግቢው መሃል ቆሜ ሳቅሁ። ከዚያ፣ ያን ማክሰኞ እንዳለቀስኩት፣ አለቀስኩ።